ጣት አይሸነገልም
ስለ አንዲት የብር ኩክ ማውጫ አሠራርና አጨራረስ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የዝግጅቱ ኮሚቴ በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ስለ ፋብሪካ ጥገና ወይም ስለ መለዋወጫ ዕቃ ምርት መናገር እንደሆነ አልጠፋኝም። ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራሁበት ሙያ ይኸው ነውና። ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ነገር ግን ከመዳፍ አይበልጥም። ርዝመቱ 8 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 7 ግራም ያህል ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለው ይይዙት የነበረው የብር ኩክ ማውጫ ነው። የሠራሁትም በፋብሪካ ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቴ ጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለእናቴ ስጦታ እንዲሆን ብዬ ነው።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ለመሐንዲሶች ጉባኤ ማቅረብ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይህች ትንሽ ዕቃ፣ ዐውቀዋለሁ ብዬ የማላውቀውን አንድ ነገር አስተምራኛለች። ይኸውም ማለስለስና መወልወል የሥራን ጉድለት የሚሸፍን መጋረጃ ሳይሆን ጉድለቱን ወደ አደባባይ የሚያወጣ ብርሃን መሆኑን ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማም ይህንኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የዕቃዋን ታሪክ ላስቀድም። የእናቴ አባት በአንኮበር አካባቢ ይኖሩ የነበሩ አንጥረኛ ናቸው። አንጥረኛ የሚለው ስም የመጣው «አነጠረ» ከሚለው ግስ ነው፤ አቅልጦ ዝቃጩን ከጥሩው የሚለይ ማለት ነው። ስሙ እንዲህ የከበረ ይሁን እንጂ ባለ ስሙ አልተከበረም። ብረት ቀጥቃጩም፣ ብር አንጣሪውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ሸማኔውም በአንድነት በእጃቸው ሥራ ሲነቀፉ፣ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲባሉ፣ በጋብቻ ሲገለሉ እንደ ኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያስወግደው እንኳ ከየቤቱ ጓዳ አላወጣውም። እናቴ ስትዳር አባቷ ምን ሠሪ እንደ ሆኑ ለባሏ ዘመዶች እንዳትናገር ተመከረች። «ነጋዴ ናቸው በይ» ተባለች። እርሷም አለች። እኛ ልጆቿም እንዲሁ ስንል አደግን። እኔ ራሴ በወጣትነቴ፣ ብረት ማቅለጥንና መቅረጽን በከፍተኛ ትምህርት ቤት ስማር፣ ስለ ዘሮቼ ለጠየቀኝ ጓደኛዬ «አያቴ ነጋዴ ነበሩ» ብዬ መልሻለሁ። በዲፕሎማ የምኮራበትን ሙያ በአያቴ እጅ ላይ አፈርሁበት።

ከአያቴ ሥራ በቤታችን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሠርጓ ዕለት ለእናቴ የሰጧት የብር ኩክ ማውጫ። ስድሳ ዓመት ያህል ከአንገቷ አልተለየም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገበያ ግርግር ማተቧ ተበጥሶ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ግላኮማ የዐይኗን ብርሃን ጨርሶ ወሰደው። እናቴ ስለ ዐይኗ ብዙም አታማርርም፤ ነገር ስትናገር ግን እጇ ወደ ደረቷ እየሄደ የሌለውን ነገር ሲፈልግ አያለሁ። ኩክ ማውጫውን ልሠራላት የወሰንሁት ይህን ስመለከት ነው።

የሥራው ጥሬ ዕቃ ከቤት ተገኘ። እናቴ በሣጥኗ ውስጥ ሁለት ጠገራ ብር ነበሯት። «አባቴም ከዚሁ ነበር የሚሠራው» ብላ አንዱን ሰጠችኝ። እንደሚታወቀው የማርያ ቴሬዛ ብር የኦስትሪያይቱ ንግሥት በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበት፣ ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ የኖረ ገንዘብ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣና ከዚያም በኋላ እየቀረ እስኪሄድ ድረስ በአገራችን የታመነ መገበያያ ነበር። ለአንጥረኞች ደግሞ ከገንዘብነቱ ይልቅ ጥሬ ዕቃነቱ ይበልጥ ነበር፤ የመስቀሉ፣ የአምባሩ፣ የድሪው ብር በአብዛኛው የተገኘው ከዚሁ ነው።

ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል። ከሺው እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። አስመስሎ የተሠራ ስላለ ከማቅለጥ በፊት መመርመር ይገባል። ለዚህ ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ገንዘቡን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ በውኃ ውስጥ ሲመዝኑት ክብደቱ በ2.75 ግራም ያህል መቀነስ አለበት። ቅናሹ ከዚህ ብዙ ከበለጠ ከብርና ከመዳብ የቀለለ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። ይህን ፈተና ሳደርግ የአያቴ ሚዛን ምን እንደ ነበር እናቴን ጠየቅኋት። «ጆሮው ነበር» አለችኝ፤ «በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማ ነበር።»

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ክፍሌ ውስጥ ያለው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ አንድ ሞርሳ፣ ከሐዲድ ቁራጭ የተሠራ መስፍ፣ ሁለት መዶሻ፣ ልዩ ልዩ ሞረዶች፣ ሴጌቶ፣ ጉጠት፣ የጋዝ መንፊያ፣ የማቅለጫ ሸክላና ከሰል ነው። ስለ ማቅለጥ ከመጻሕፍት የተማርሁትን ያህል፣ በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ከፈጁ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ተምሬያለሁ። ስማቸው እንዲነሣ ስለማይወዱ አልጠራቸውም።

ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። መዳብ የገባበት የጠገራ ብር ቅይጥ ግን በ780 ግድም መቅለጥ ይጀምርና ከ850 በታች ፈጽሞ ፈሳሽ ይሆናል። የቀለጠ ብር አየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በብዛት ይጠጣል፤ ሲረጋ ደግሞ የጠጣውን ይተፋል። በዚህ ጊዜ ውስጡ እንደ እንጀራ ዐይን ይበሳሳል። መከላከያው በማቅለጫው አፍ ላይ ከሰል መድረግ፣ ጥቂት ቦራክስ ጨምሮ የብሩን ገጽ ማልበስና ከሚገባው በላይ አለማጋል ነው። የሚፈስበት ቅርጽ አስቀድሞ መሞቅና ፈጽሞ መድረቅ ይኖርበታል። በቅርጹ ውስጥ የቀረች አንዲት የውኃ ጠብታ በቅጽበት ተንና የቀለጠውን ብር ወደ ሠሪው ፊት ልትረጨው ትችላለችና ነው። ይህን ሥራ ያለ መነጽር፣ ያለ ቆዳ ሽርጥና አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው የስጦታውን ዋጋ ከራሱ አካል እንደሚከፍል ይወቅ።

የማርያ ቴሬዛ ምስል ሲቀልጥ ማየት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ጠርዙ ለሰለሰ፤ ቀጥሎ ፊቷ ተኛ፤ በመጨረሻም ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ዐይን የምታበራ እንክብል ሆነ። የጣት ርዝመት ወዳለው የብረት ቅርጽ አፈሰስሁት። ከረጋ በኋላ በእጄ ላይ የቀረው ታሪክ የሌለው ግራጫ ዘንግ ነበር።

ብረትን እንደጋለ ቀጥቅጠው የሚለው ምክር ለብር አይሠራም። ብር የሚቀጠቀጠው ቀዝቅዞ ነው። መዶሻ ባረፈበት ቍጥር ግን እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከጠነከረም በኋላ ቢመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየጊዜው እሳት እያሳዩ ማለዘብ ያስፈልጋል። ልኩ ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ሲሆን፣ በዐይን ሲታይ ድፍን ያለ ቅላት ነው። ይህ ቅላት በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ አንጥረኞች ጨለም ያለ ቤት የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በጨለማ ቤት ይሠራሉና ይጠረጠራሉ፤ የሚሠሩት ግን የእሳቱን ቀለም ለማንበብ ነበር። ባለማወቅ የተወረወረ ስድብ ሥሩ ሲመረመር እንዲህ ያለ የሙያ ምክንያት ይገኝበታል።

የመጀመሪያው ዘንጌ ተሰነጠቀ። መዶሻው ሲያርፍበት ድምፁ መለወጡን ሰምቼ ነበር፤ «ጥቂት ልጨምርና አለዝበዋለሁ» ብዬ ቀጠልሁ። ሽማግሌው አስተማሪዬ ስንጥቁን ባሳየኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ ብሩ ነግሮህ ነበር» ብቻ ነው ያሉኝ። መልካምነቱ የብር ስሕተት የመጨረሻ አይደለም፤ እንደገና ቀለጠ፤ እንደገና ተቀጠቀጠ። በሁለተኛው ጊዜ ስምንት ጊዜ እያለዘብሁ ወደ 3 ሚሊሜትር ውፍረት አወረድሁት። የሚያስፈልገኝን ቈርጬ የቀረውን አስቀመጥሁ። አንዱን ጫፍ አሹዬ በመጨረሻው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ማንኪያ በመዶሻ አወጣሁ። በሌላው ጫፍ ሰፋ አድርጌ ትንሽ መስቀል በሞረድ ቀረጽሁበት። ከመስቀሉ ራስ ላይ ማተብ የሚገባበት ቀለበት ይበየዳል።

ነገሩ የተበላሸው በዚህ ብየዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልዘግይበት። ብር የሚበየደው ከራሱ ይልቅ ቀድሞ በሚቀልጥ፣ መዳብና ዚንክ በተቀየጠበት ብር ነው። መበየጃው ጠንካራና ቀላል እየተባለ በየደረጃው ይሸጣል። ጠንካራ የሚባለው የሚፈስሰው ወደ 780 ዲግሪ በተጠጋ ሙቀት ሲሆን፣ የጠገራ ብር ቅይጥም መቅለጥ የሚጀምረው በዚያው ግድም ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚበጀው ከ700 ጥቂት አለፍ ሲል የሚፈስሰው ቀላሉ ነው። ሲገዙም ካድሚየም የሌለበት መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው፤ የካድሚየም ጢስ ሳንባንና ኵላሊትን ይጎዳል። ከሁሉም በላይ ግን መታወቅ ያለበት፣ መበየጃ ሁለት ገጥ ያሉ ገጾችን ያጣብቃል እንጂ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አይሞላም። ሁለቱ ገጾች ብርሃን በመካከላቸው እስከማያልፍ ድረስ በሞረድ መግጠም አለባቸው።

ይህን ለተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። በዚያች ማታ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ገናም ደርሶ ነበር። የቀለበቱ አንድ እግር ከመስቀሉ ራስ ጋር በሚገባ አልገጠመም። ዐወቅሁ። መበየጃውን ጥቂት ጨመር አደረግሁና እሳቱን ለቀቅሁበት። መበየጃው ፈስሶ ክፍተቱን የሸፈነው መሰለ።

ከእሳት የወጣ ብር በመዳቡ መቃጠል ምክንያት ይጠቁራል። ጥቁረቱን ለማጠብ በቤት ውስጥ የሎሚ አሲድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ ማሟሟት ይበቃል። በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ሰው ቢኖር አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ ፈጽሞ አይጨምር። በብረት ጉጠትም አይያዝ፤ በማጠቢያው ውስጥ ያለው መዳብ ተመልሶ ብሩን ቀይ ያለብሰዋልና፣ የመዳብ ወይም የእንጨት መያዣ ይሻላል። በዚህ ማጠቢያ ደጋግመው እያጋሉ ቢያጥቡት በላዩ ያለው መዳብ እየታጠበ ይሄድና ስስ የንጹሕ ብር ልባስ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሲያዩት እጅግ ያምራል። ነገር ግን ልባሱ ስስ ስለሆነ በእጅ ሲዳሰስ ውሎ ሲያድር ይነሣል፤ ከሥሩ ያለውም ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማለስለስ ነው። ሥርዓቱ ቀላል፣ ትዕግሥቱ ከባድ ነው። ሞረድ የተወውን ጭረት በ220 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት፤ የ220ውን በ400፤ የ400ውን በ600፤ የ600ውን በ1200 ማጥፋት ነው። የ220 ወረቀት ቅንጣት ስፋቷ ወደ 70 ማይክሮሜትር ሲሆን የ1200ው 15 ያህል ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ የማሻውን አቅጣጫ ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ የፊተኛው ጭረት ፈጽሞ መጥፋቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል። በመጨረሻ ሲወለውለው ግን የዘለለው ጭረት ከሁሉ አብልጦ ሲያበራ ያየዋል። እንደዚሁም በብየዳ ጊዜ እሳቱ ከገጹ አልፎ ውስጡን መዳብ ካቃጠለ፣ ደመና የመሰለ ግራጫ ጥላ ይቀራል። ይህ ጥላ ሻካራ በሆነ ገጽ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ብሩ እንደ መስታወት ሲሆን ብቻ ነው። መወልወል ጉድለትን ይገልጣል ያልሁት ስለዚህ ነው።

እኔ ግን ገና ደርሶብኝ ነበርና በሞተር የሚዞረውን የጨርቅ መንኰራኵር አነሣሁ። ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ቀብቼ ወለወልሁት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የፊቴን መልክ ያሳየኝ ጀመር። በቀለበቱ ሥር፣ በጀርባው በኩል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ወጣች፤ መንኰራኵሩም ከቀዳዳዋ ጀምሮ እንደ ጅራት ያለ ቀጭን ጭረት ጐተተ። በማጉያ መነጽር አየኋት። ከዚያም «በጀርባ ነው፤ ደግሞስ እናቴ አታይም» አልሁ። ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ቃል በልቤ ያልሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁትም ይህንኑ ልናገር ነው።

በገና ዕለት ከልጆቼ ጋር ሆነን ሰጠኋት። እናቴ ተቀበለችኝና መርቃኝ በሁለት እጆቿ ያዘችው። መጀመሪያ ማንኪያዋን ነካች፤ ፈገግ አለች። ቀጥላ ዘንጉን፣ ቀጥላ መስቀሉን አንድ በአንድ ዳሰሰች። የአውራ ጣቷ ጥፍር ከቀለበቱ ሥር ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን አለ ልጄ?» አለችኝ።

«ምንም የለም እማዬ» አልኋት።

«ጣቴ ግን አለ ይለኛል» አለች፤ ሌላም አልተናገረችም። በማተቧ አስራ ለበሰችው። ቀኑን ሙሉ ግን ጥፍሯ ወደዚያች ቦታ ሲመላለስ አየሁ።

በ2013 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የተደረገ አንድ ጥናት ይህን ነገር በቍጥር አስቀምጦታል። የሰው ጣት በአንድ ገጽ ላይ ሲንቀሳቀስ ከፍታቸው 13 ናኖሜትር ብቻ የሆኑ ሽብሽቦችን ከለስላሳ ገጽ መለየት እንደሚችል ተመራማሪዎቹ አሳይተዋል። ይህም ከአንድ ማይክሮሜትር መቶ እጅ ከአንድ እጅ ጥቂት የበለጠ ነው። እኛ መሐንዲሶች የገጽን ሸካራነት ለመለካት መሣሪያ እናስገባለን፤ መልካም ነው፤ ያስፈልጋልም። ነገር ግን ያልተማረች የምንላት አሮጊት በጣቷ ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ ከብዙዎቹ የሚያንስ አይደለም። የብርን ብልጭታ የሚያደንቀው ዐይን ነው፤ ዐይን ደግሞ በብልጭታ ይሸነገላል። ጣት ግን አይሸነገልም።

በማግሥቱ ኩክ ማውጫውን እንድትሰጠኝ ለመንኋት። «ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። «ዋሽቼሻለሁ፤ ቀዳዳ አለበት» አልኋት። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣ ልጆቼ እየሰሙ፣ በሕይወቴ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረች። «አባቴ አንጥረኛ ነበር» አለች። «እንዲህ ያለውን ከእጁ አያወጣም ነበር። ‹ጀርባው ከፊቱ ካነሰ አልተሠራም› ይል ነበር። እኔ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ነጋዴ ነው እያልሁ ኖርሁ።» የአሥራ አራት ዓመት ልጄ እኔን ተመለከተች። «አባዬ፣ አንተም ታውቅ ነበር?» አለችኝ። ዐውቅ ነበር አልኋት።

በዚያች ቀን የተረዳሁት ነገር ስለ ብየዳ ብቻ አልነበረም። እኛም ያልገጠመ ነገር ነበረን፤ በላዩ ላይ መበየጃ ጨምረን፣ በትምህርትና በማዕርግ ወልውለን ይዘነው ኖረናል። ቀዳዳዋ ግን በስተጀርባ ነበረች፤ የእናቴም ጣት ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲመላለስባት ኖሯል።

ጥገናው ከአዲሱ ሥራ ይልቅ ረዥም ጊዜ ወሰደ። ቀለበቱን በእሳት አላቅቄ የድሮውን መበየጃ እስከ መጨረሻው በሞረድ አነሣሁ። ሁለቱን ገጾች በፋኖስ ፊት እያየሁ፣ ብርሃን እስከማያልፍ ድረስ አገጣጠምሁ፤ ይህ ብቻ ሦስት ማታ ፈጀ። ቦራክሱን ቀብቼ፣ በመጀመሪያ ወፍራሙን ክፍል ቀጥሎም ቀለበቱን አሞቅሁ፤ መበየጃው እሳት ወዳለበት ይሮጣልና ሁለቱ እኩል መጋል አለባቸው። በዚህ ጊዜ የጤፍ ፍሬ የምታህል መበየጃ በቃችው፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ እንደ ክር ሮጣ ጠፋች። ሞተሩን አልነካሁም። ወረቀቱን በየደረጃው፣ ከፊት አስቀድሜ ሳይሆን ከጀርባ ጀምሬ ሄድሁበት። ከዚያም በተወለወለ የብረት ማሻ እየተጫንሁ ገጹን አስተኛሁት፤ ይህ ብሩን አይፍቀውም፣ አጥብቆ ያለሰልሰዋል እንጂ። በመጨረሻ በኖራ ዱቄትና በለስላሳ ቆዳ አሸሁት። እያንዳንዱን ደረጃ ስጨርስ መብራት አጥፍቼ በጨለማ በጣቴ መረመርሁት። ይህን ልማድ ለማንም ሠሪ እመክራለሁ፤ ዋጋ አያስከፍልም፤ ብዙም ያሳያል።

በሞተር መወልወል መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ብዙ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ግድ ነው። በሚሠራበት ጊዜም መነጽር ማድረግ፣ ጓንትና ልቅ ልብስ አለማድረግ፣ ሰንሰለት የመሰለ ነገር ወደ መንኰራኵሩ አለማቅረብ ያስፈልጋል። የእኔ ቅሬታ ከሞተሩ ጋር አይደለም፤ ሞተሩን ለማምለጫ ከተጠቀምሁበት ከራሴ ጋር ነው።

በፋሲካ ዋዜማ ኩክ ማውጫውን መለስሁላት። ዳሰሰችው። ጥፍሯ ከቀለበቱ ሥር ደርሶ ሳይቆም አለፈ። ተመልሶም አለፈ። «ይኸው» አለች፤ ሌላ ምስጋና አልጨመረችም፤ አላስፈለገኝምም። ዕቃውን በጆሮዋ አትጠቀምበትም። ሐኪሞች በጆሮ ውስጥ ጠንካራ ነገር ማስገባት ታምቡሩን ሊጎዳ እንደሚችል ስለሚመክሩ፣ እኔም ይህንኑ ነግሬያት ነበር። «ከአንገቴ ይበቃኛል» አለችኝ። ዛሬ ለእናንተ እንዳሳያችሁ ያዋሰችኝ እስከ ማታ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚወጣ ነገር ቢኖር ሁለት ነው። አንደኛው፣ አጨራረስ በሥራ መጨረሻ የሚደረግ ነገር አለመሆኑን ነው። አጨራረስ የሚጀምረው ብሩ ሲቀልጥ፣ ዘንጉ ሲለዝብ፣ ሁለት ገጽ ሲገጥም ነው። መጨረሻ ላይ የምናደርገው ከዚያ በፊት ያደረግነውን መግለጥ ብቻ ነው። የምንፈርምበት ንድፍ፣ የምንረከበው ሕንፃ፣ የምናስነሣው ማሽን ሁሉ በቀለም ከመቀባቱ በፊት በስተጀርባው ሊዳሰስ ይገባዋል።

ሁለተኛው፣ ይህን ዕውቀት ከእኛ በፊት የያዙት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ በግልጽ መናገር ነው። ሊቃውንቶቻችን የቅኔን ጥበብ ሰምና ወርቅ ብለው በሰየሙ ጊዜ ስሙን የተዋሱት ከአንጥረኛው ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል። የአንጥረኛውን ምሳሌ ለክብራችን ወስደን አንጥረኛውን ከማዕድ አራቅነው። ያንን ክፍተት የሚሞላ መበየጃ የለም፤ የሚገባው እንደገና በሞረድ አስተካክሎ መግጠም ነው። በየማኅበራችን፣ በየትምህርት ቤታችን የነዚህን ሰዎች ስምና ሥራ በወጉ ከመዘገብን፣ በሕይወት ያሉትንም ወደ አዳራሾቻችን በአስተማሪነት ከጠራን መግጠሙ ተጀመረ ማለት ነው።

ከዚያ ጠገራ ብር የተረፈው ዘንግ 17 ግራም ይሆናል፤ ፍቅፋቂውንም በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ልጄ በበጋው ዕረፍት ቀለበት ልትሠራበት ጠይቃኛለች። የመጀመሪያው ትምህርቷ በመዶሻ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ሁለት ቁራጭ መዳብና አንድ ሞረድ ሰጥቻታለሁ፤ ብርሃን በመካከላቸው እስከማያልፍ ድረስ ታገጣጥማቸዋለች። ሲጨርሱም የሚመረምሯት አያቷ ናቸው።